የመረጃ ልውውጥ በይፋት ቆላ

የመረጃ ልውውጥ በይፋት ቆላ የሚለው ርእስ በሸዋ ሮቢትና በዙሪያው ባሉት ቆላማ አካባቢዎች ወሬ፣ ዜናና ማስጠንቀቂያ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉባቸውን መንገዶች ይመለከታል። እነዚህ መንገዶች በሬዲዮ፣ በስልክና በኢንተርኔት መምጣት የገጠማቸውን ለውጥ፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በኮሙኒኬሽን፣ በአዲስ ሚዲያና በኅብረተሰብ ግንኙነት ላይ ያካሄዱትን ጥናት ያካትታል። አካባቢው አራት ቋንቋዎች የሚነገሩበት፣ ደጋና ቆላ በገበያ የሚገናኙበት እና ዋና አውራ ጎዳና የሚያልፍበት ነው። በዚህ ምክንያት የአንድ ወሬ እውነትነት ወይም ሐሰትነት ገበያ እስከማስቆም፣ መንገድ እስከመዝጋትና የሰው ሕይወት እስከማጥፋት ሊደርስ ይችላል።

አካባቢው

ይፋት ከሸዋ አምባ ምሥራቃዊ ጠርዝ ሥር ተነሥቶ ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርደው ምድር ነው። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን፣ በቀወት ወረዳ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቆርቁራለች። ከደብረ ሲና ቁልቁለት በኋላ ተጓዡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከገብስና ከባቄላ ማሳ ወደ ማሽላ፣ ሽንኩርት፣ ማሾና ትምባሆ እርሻ ይደርሳል። ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬና ካራቆሬ በዚሁ መንገድ ላይ ይገኛሉ፤ በስተምሥራቅ ደግሞ የአፋር ክልል ይጀምራል።

አካባቢው በመካከለኛው ዘመን በወላስማ ሥርወ መንግሥት ይመራ የነበረው የይፋት ሱልጣኔት እምብርት ነበር። ሱልጣኔቱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተነሥቶ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከዐፄ አምደ ጽዮን ጋር ተዋግቷል። በንጉሡ ዘመነ መንግሥትና እስከ ደርግ ዘመን ድረስ የአካባቢው ሰፊ ክፍል ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ይባል ነበር። ዛሬ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ ተናጋሪዎች ተጎራብተው ይኖራሉ፤ ብዙ ሰዎችም ከአንድ በላይ ቋንቋ ይናገራሉ።

ገበያና የቅፍለት መንገድ

ከመንገድና ከሬዲዮ በፊት የይፋት ዋነኛ የመረጃ ማዕከል ገበያ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ ወደብ የሚነሡ የግመል ቅፍለቶች የአፋርን በረሃ አቋርጠው ከአንኮበር በታች ወደምትገኘው የአልዩ አምባ ገበያ ይደርሱ ነበር። ቅፍለቶቹ ጨውና ጨርቅ ብቻ ሳይሆን የባሕሩን ዳርቻ ወሬም ይዘው ይመጡ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ሳምንታዊ ገበያ እስከ ዛሬም ይህን ተግባሩን አልተወም። ስሙን ከገበያው ቀን ያገኘው የሰንበቴ የእሑድ ገበያ እና በስተሰሜን የሚገኘው የባቲ የሰኞ ገበያ የደጋ ገበሬን፣ የአርጎባ ነጋዴንና ሸማኔን፣ የኦሮሞ ከብት አርቢንና የአፋር አርብቶ አደርን ያገናኛሉ። የእህልና የከብት ዋጋ፣ የዝናብና የግጦሽ ሁኔታ፣ የሠርግና የለቅሶ ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። ጥንት የመንግሥት አዋጅ በነጋሪት የሚለፈፈውም በገበያ ቀን ነበር፤ በአንድ ቀን የተነገረው ነገር ገበያተኛው ወደየመንደሩ ሲመለስ አብሮ ስለሚሄድ ነው።

ዳጉ

ዳጉ የአፋር ሕዝብ የቃል ዜና ልውውጥ ሥርዓት ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው አረፍ ይሉና ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ጠያቂው ነገሩን ከማን፣ የትና መቼ እንደሰማው ይጠይቃል፤ ተናጋሪው በዐይኑ ያየውን ከሌላ ሰው ከሰማው ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል። ከዚያም እያንዳንዱ የሰማውን ይዞ ይሄዳል፤ ለሚያገኘው ሰው ያስተላልፋል። ስለ ዝናብና ግጦሽ፣ ስለ ጠፋ ከብት፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ግጭትና ስለ እንግዳ ሰው መምጣት የሚገልጽ መረጃ በዚህ መንገድ ስልክ በሌለበት በረሃ ሳይቀር በፍጥነት ይዳረሳል።

ዳጉን ከተራ ወሬ የሚለየው የተጠያቂነት ሥርዓቱ ነው። ሆን ብሎ ሐሰት የሚያወራ ወይም ማሳወቅ የሚገባውን የሚደብቅ ሰው በጎሳው ዘንድ ተአማኒነቱን ያጣል፤ በባህላዊው ሕግም ሊጠየቅ ይችላል። መረጃው የሚመጣበት ሰው በስምና በጎሳ የሚታወቅ በመሆኑ ስሕተት ከተገኘ ወደ ኋላ ተመልሶ ምንጩን መፈለግ ይቻላል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የጋዜጠኝነትና የኮሙኒኬሽን ተመራማሪዎች ትኩረታቸውን ወደ ዳጉ ያዞሩት በዚህ ጠባዩ ምክንያት ነው፤ ምንጭን መጥቀስ፣ ማጣራትና ያዩትን ከሰሙት መለየት የዘመናዊ ጋዜጠኝነትም መሠረታዊ ደንቦች ናቸውና።

በይፋት የዳጉ ተጽዕኖ በአፋሮች ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአፋር ድንበር አጠገብ የሚኖሩ አርጎቦች፣ ኦሮሞዎችና አማሮች በገበያና በግጦሽ ቦታ ከአፋሮች ጋር ስለሚገናኙ የአፋርን ወሬ የሚሰሙት በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው።

መንገድ፣ ሬዲዮና ስልክ

በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የተሠራው መንገድ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ይፋት ይወርዳል። መንገዱ የአካባቢውን የመረጃ አቅጣጫ ለወጠው፤ ወሬ ከምሥራቅ በግመል መምጣቱ ቀርቶ ከደቡብና ከሰሜን በመኪና ይመጣ ጀመር። የመንገድ ዳር ከተሞች በፍጥነት አደጉ፤ የመኪና ሾፌርና ረዳትም እንደ ቀድሞው የቅፍለት መሪ የዜና አቀባይ ሆኑ።

ሬዲዮ ለገጠሩ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ይተላለፍ የነበረው ብስራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1969 ዓ.ም. በደርግ እስኪወረስ ድረስ ብዙ አድማጭ ነበረው። ከውጭ ደግሞ በ1965 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጀርመን ድምፅ የአማርኛ አገልግሎት እና በ1982 እ.ኤ.አ. የተከተለው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል በአጭር ሞገድ ይደመጡ ነበር። አንድ ሬዲዮ ያለው ቤት ለጎረቤቱ ሁሉ የማዳመጫ ቦታ ይሆን ስለነበር ዜናው ከተሰማ በኋላ የሚደረገው ውይይት የዜናው አካል ነበር።

የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በኢትዮጵያ በ1999 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ኢንተርኔት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ገብቶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከተቋቋመ በኋላ የሞባይል ኔትወርክ ወደ ትንንሽ ከተሞች ሰፋ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር የመንግሥት ብቸኛ አቅራቢነት አከተመ። ለይፋት ገበሬ የስልክ ጥቅም በመጀመሪያ የታየው በዋጋ ወሬ ነው። ሽንኩርት ቶሎ የሚበላሽ፣ ዋጋውም በቀናት ውስጥ የሚለዋወጥ ሰብል በመሆኑ የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ መጠየቅ የሻጩን የመደራደር አቅም ይጨምራል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመርም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የእርሻ ምክር የሚሰጥ ነበር፤ ማንበብ ለማይችልም ሰው አመቺ የሆነው በድምፅ ስለሚሠራ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥና የማስጠንቀቂያ ጉዳይ

ይፋት በስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ በመሆኑ የአደጋ መረጃ ልውውጥ ለአካባቢው ትልቅ ጉዳይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት ጀምሮ ለወራት የቀጠለው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈረሰ፤ በካራቆሬም ብዙ ቤቶችን ጣለ፤ መንገዱንም ሰነጠቀ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሪ የነበሩት ኢየሱሳዊው ቄስ ፒየር ጉዌን ክስተቱን አጥንተዋል። በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሚዘረዝረው መጽሐፋቸው ከመሣሪያ ንባብ በተጨማሪ ዜና መዋዕልን፣ የመንገደኞች ማስታወሻንና የዐይን እማኞችን ቃል ይጠቀማል።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ንዝረቱ በአዲስ አበባና በሸዋ ከተሞችም ተሰማ፤ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከቀያቸው እንዲነሡ ተደረገ። በታኅሣሥ ወር ከዶፈን አካባቢ የወጣው እንፋሎትና ጭስ በቪዲዮ ተቀርጾ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭ ብዙዎች እሳተ ገሞራ እንደፈነዳ አድርገው ተቀባበሉት። የዘርፉ ባለሙያዎች ግን የወጣው ቅልጥ ዐለት ሳይሆን እንፋሎትና ጋዝ መሆኑን አስረዱ። ክስተቱ ምስል ከማብራሪያ ቀድሞ ሲደርስ ምን እንደሚፈጠር ያሳየ ነው፤ ቪዲዮው እውነተኛ ነበር፤ የተሰጠው ትርጉም ግን የተሳሳተ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ጥናት

በኢትዮጵያ የኮሙኒኬሽን ጥናት እንደ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ የተጠናከረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2004 እ.ኤ.አ. የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኖርዌይ ድጋፍ ከተጀመረ በኋላ ነው። በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ ያስተማሩት ፕሮፌሰር አብይ ፎርድ ወደ አገራቸው ተመልሰው ትምህርት ቤቱን በዲንነት መርተዋል። ለይፋት ቅርብ የሆኑት የደብረ ብርሃን፣ የወሎና የሰመራ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ከተከፈቱት ተቋማት መካከል ናቸው።

ስለ አዲስ ሚዲያ ከተደረጉት ጥናቶች በስፋት የሚታወቀው «መቻቻል» የተባለው ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ በአዲስ አበባና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ትብብር፣ በኢጊኒዮ ጋሊያርዶኔ አስተባባሪነት የተካሄደ ሲሆን በ2007ቱ አገር አቀፍ ምርጫ ዙሪያ ኢትዮጵያውያን በፌስቡክ ያደረጉትን ንግግር መርምሯል። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጨረሻ ሪፖርት መሠረት ከተመረመሩት ከ13,000 በላይ አስተያየቶች ውስጥ የጥላቻ ንግግር ሆነው የተገኙት 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ወደ ጥቃት ሊያመራ የሚችል «አደገኛ ንግግር» ደግሞ 0.3 በመቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ተቃዋሚን ከመስደብ አልፎ በልዩነት ላይ የሚነጋገር ንግግር መኖሩንም መዝግበዋል። ጠንከር ያለ የጥላቻ ቃል በአብዛኛው የሚመጣው ከታዋቂ ጸሐፊዎች ሳይሆን ብዙ ተከታይ ከሌላቸው አስተያየት ሰጪዎች መሆኑንም አመልክተዋል።

ይህ ውጤት በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አንደኛ፣ የተሰበሰበው ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ ከተከሰቱት ከባድ የፖለቲካ ቀውሶች በፊት ነው። ሁለተኛ፣ ትንሽ መቶኛ ማለት ትንሽ ጉዳት ማለት አይደለም፤ አንድ አደገኛ መልእክት በተሰጋበት ቦታና ሰዓት ከደረሰ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ጥናቱ የተመለከተው በፌስቡክ የተጻፈውን እንጂ ጽሑፉ በስልክ ተነግሮ ወይም በገበያ ተወርቶ ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ሲደርስ የሚይዘውን መልክ አይደለም።

የመጨረሻውን ነጥብ የሚያብራራ የቆየ ንድፈ ሐሳብ አለ። አሜሪካውያኑ ኤሊሁ ካትዝና ፖል ላዛርስፌልድ በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የመገናኛ ብዙኃን መልእክት በቀጥታ ሁሉንም ሰው እንደማይነካ፣ ይልቁንም በአካባቢው በሚታመኑ ሰዎች በኩል በሁለት እርከን እንደሚተላለፍ አሳይተዋል። በይፋት ቆላ የመጀመሪያው እርከን የአንድ ተማሪ ወይም ሾፌር ስልክ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ የቡና ማኅበርተኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ የአገር ሽማግሌ ወይም ገበያተኛ ነው።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና በጀርመን ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ደግሞ የአማርኛ የጥላቻ ንግግርን በኮምፒውተር ለመለየት የሚያስችሉ የተመደቡ የትዊተር መልእክቶችን ስብስብ አዘጋጅተዋል። ሥራው ካጋጠሙት ችግሮች አንዱ መዳቢዎቹ ራሳቸው በብዙ መልእክቶች ላይ አለመስማማታቸው ነው። በአማርኛ ስድብ በምሳሌያዊ አነጋገር፣ በቅጽል ስምና በአሽሙር ሊሸፈን ስለሚችል ያንኑ ዐረፍተ ነገር አንዱ ቀልድ፣ ሌላው ዛቻ አድርጎ ያነበዋል።

ግጭትና ወሬ

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጎራባቹ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቀበሌዎች በደረሰው ግጭት ብዙ ሰዎች ተገድለዋል፤ የአጣዬ ከተማ ሰፊ ክፍል ተቃጥሏል፤ ብዙ ሕዝብም ተፈናቅሏል። አካባቢው በሚያዝያ ወር በኮማንድ ፖስት ሥር ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ ሲገፋ የትግራይ ኃይሎች እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሱ፤ መንግሥት ከተማዋን መልሶ መያዙን ያስታወቀው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ።

በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ተቃራኒ ትረካዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ይሰራጩ ነበር። ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን በ1947 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ የወሬ ኃይል የሚለካው በሁለት ነገሮች ብዜት ነው ይላል፤ እነርሱም የጉዳዩ ክብደትና የማስረጃው ድብዝዝነት ናቸው። በግጭት ጊዜ ጉዳዩ የሞትና የሽረት ነው፤ ጋዜጠኛ በማይደርስበትና ስልክ በተቋረጠበት ቦታ ደግሞ ማስረጃው እጅግ ደብዛዛ ይሆናል። በዚህ ስሌት ኔትወርክ መዝጋት የአንዳንድ ቅስቀሳዎችን ፍጥነት ሊገታ ቢችልም ወሬውን አያጠፋም፤ የሚያጣሩበትን መንገድ ግን ይዘጋል። በሸዋ ሮቢት ያለ ዘመዱ በሕይወት መኖሩን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ያገኘውን ወሬ ሁሉ ለማመን ይገደዳል።

የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ሴኔት በሰጠችው ምስክርነት የኩባንያው የይዘት አመራረጥ በኢትዮጵያ የብሔር ግጭትን እንደሚያባብስ ተናግራለች። ኩባንያው በበኩሉ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ይዘትን የሚመረምረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በትግርኛ መሆኑን ገልጿል። በይፋት ከሚነገሩት አራት ቋንቋዎች አፋርኛና አርጎብኛ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም።

ሕግ

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ100,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይደርሳል። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ ይከብዳል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሡ ይጠበቅባቸዋል። የአዋጁ ደጋፊዎች የሰው ሕይወት ለመጠበቅ አስፈላጊ ነው ሲሉ፣ የመብት ተሟጋቾች ትርጓሜዎቹ ሰፊ በመሆናቸው ትችትን ለማፈን ሊውሉ ይችላሉ በማለት ተከራክረዋል። ብዙ ተከታይን መለኪያ ማድረጉ ከመቻቻል ጥናት ውጤት ጋር ሲነጻጸርም ጥያቄ ያስነሣል፤ በጥናቱ መሠረት ጠንካራው የጥላቻ ቃል የሚበዛው ጥቂት ተከታይ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ነበርና።

የዳጉና የአዲስ ሚዲያ ንጽጽር

ዳጉና ማኅበራዊ ሚዲያ በመልካቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ማዕከል የላቸውም፤ እያንዳንዱ ሰሚ ነጋሪም ነው፤ ሁለቱም በፍጥነት ይሠራሉ። ልዩነታቸው በሦስት ነገሮች ይታያል። በዳጉ ነጋሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠየቃል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ግን በሐሰት ስም መናገር ይቻላል። በዳጉ ያዩትና የሰሙት ይለያል፤ በስልክ የሚተላለፍ ምስል ግን የሌላ ቦታና የሌላ ጊዜ ቢሆንም እንደታየ ይቆጠራል። በዳጉ የሐሰተኛ ወሬ ቅጣት ነጋሪው ከሚኖርበት ማኅበረሰብ ይመጣል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ወሬውን የጻፈው ሰው በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ሊኖር ስለሚችል ውጤቱ የሚያርፈው በሌሎች ላይ ነው።

ንጽጽሩ ዳጉ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። የሚሠራው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው፤ ማኅበረሰቦች በግጭት ሲለያዩና የጋራው ገበያ ሲዘጋ በመካከላቸው የሚደረገው የቃል ልውውጥም ይቋረጣል። የሰንበቴን የመሰለ ገበያ መዘጋት ከንግድ ኪሳራው ሌላ አንዱ ወገን የሌላውን ወሬ ከራሱ አፍ የሚሰማበትን ቦታ ያሳጣል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የሚለው የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገር እንደሚያመለክተው የሰሙትን መመዘን በአገሩ የቆየ ልማድ ነው። በሽማግሌዎች በኩል የሚደረግ የእርቅ ንግግርም በአብዛኛው የሚጀምረው ማን ምን እንዳለና ከማን እንደሰማው በማጣራት ነው።